ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ምን ልርጭበት?

ክረምት ገብቶ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ስልኬ ላይ የሚመጣው ፎቶ አንድ ዓይነት ነው። አንድ ቢጫ ቅጠል፣ ከሥሩ ደግሞ «ምን ልርጭበት?» የሚል መስመር። በበጋ መስኖ ጊዜ ፎቶው የቲማቲም ይሆናል። ጥያቄው ግን ያው ነው።

ከአንድ ቅጠል ፎቶ ተነስቶ መልስ መስጠት አይቻልም። ስለዚህ በየጊዜው በቃል የምናገረውን እዚህ በቅደም ተከተል ጻፍኩት። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው በቆሎና ቲማቲም ናቸው። ስንዴም ይሁን በርበሬ አካሄዱ አይለወጥም።

መጀመሪያ አንድ ነገር። ማዕድን መድኃኒት አይደለም። የሚሠራው ያ ማዕድን በእርግጥ ጎድሎ ከሆነ ብቻ ነው። ጨው የጎደለው ወጥ ላይ በርበሬ ብትጨምሩ አይጣፍጥም። ዚንክ ያጠረው በቆሎም ዩሪያ ቢደርብበት አያገግምም። ከሥራው ግማሽ በላይ የጎደለውን ማወቅ ነው። መርጨቱ ቀላሉ ክፍል ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የጀርባ መርጫ (እዚህ ያለው ሒሳብ በ16 ሊትር ነው)
- 1 ሊትር የምትይዝ የእጅ መርጫ፣ ለሙከራ
- ግራም የምትለካ ትንሽ ሚዛን። ከሌለ 10 ሊትር ጀሪካንና መለኪያ ጆግ
- ሁለት ባልዲ፣ ማጥለያ ነጠላ ጨርቅ፣ መበጥበጫ እንጨት
- ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛ፣ የዓይን መነጽር፣ ቦት ጫማ
- ጥቂት አቼቶ፣ አፈር ለመፈተሽ
- ምልክት የሚሆኑ እንጨቶችና ደብተር
- ማዕድኑ ራሱ። ምን እንደሆነ 4ኛውን ደረጃ ሳትጨርሱ በብዛት አትግዙ

ሱቅ ስትሄዱ «ቫይታሚን» እየተባለ የሚሸጥ ብልቃጥ ይሰጧችኋል። ጀርባውን አንብቡ። ዚንክ ስንት በመቶ፣ ብረት ስንት በመቶ ብሎ ካልጻፈ እኔ ብሆን አልገዛውም። ምን እንደረጫችሁ ካላወቃችሁ ቢሠራም ባይሠራም የምትማሩት ነገር የለም።

1. አንድ ተክል ነቅላችሁ ሥሩን እዩ

ቅጠል ቢጫ የሚሆነው በማዕድን እጥረት ብቻ አይደለም። ሥር ከታመመ አፈሩ ሞልቶ ተርፎም ቢሆን ተክሉ መሳብ አይችልም። ስለዚህ ከታመመው አንድ፣ ከደህናው አንድ በመቆፈሪያ አውጡና አጥባችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ።

የቲማቲም ሥር ላይ ሥሩ ራሱ ያበጠ እብጠት ካያችሁ የሥር ትል ነው። እጥረት አይደለም። ባቄላ ወይም ቦሎቄ ላይ ግን አትደንግጡ። እዚያ የሚገኙት ትንንሽ ኳሶች ናይትሮጅን ከአየር የሚይዙ ናቸው፤ በጥፍር ሲነኩ ይላቀቃሉ፣ ውስጣቸውም ቀላ ይላል። በማሽላና በበቆሎ ሥር አቀንጭራ ተጣብቆ እንደሆነም እዩ።

ሥሩ ቡናማ ሆኖ የሚሸት ከሆነ ውሃ ተኝቶበታል። ዋልካ መሬት ላይ ይህ የተለመደ ነው። መፍትሔው ቦይ ቆፍሮ ውሃውን ማስወጣት ነው። አየር ያጣ ሥር ላይ በቅጠል በኩል የሚረጭ ነገር ገንዘብ ማባከን ነው።

ቅጠሉ ከቢጫነቱ ሌላ የተጠማዘዘ፣ የተሸበሸበ ወይም ዝንጉርጉር ከሆነ ደግሞ ቫይረስን ወይም የአረም መድኃኒት ንክኪን ጠርጥሩ። ጎረቤት ስንዴው ላይ ቱ ፎር ዲ ሲረጭ ነፋስ ያመጣው ብናኝ ቲማቲም ያጣምማል።

ሥሩ ነጭና ጤናማ ነው? ወደ 2 እለፉ።

2. ቀድሞ የታመመው የትኛው ቅጠል ነው?

አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህችን ያዙ።

አንዳንድ ማዕድናት በተክሉ ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ። ሲያጥሩ ተክሉ ከታችኛው አሮጌ ቅጠል ነጥቆ ለላይኛው ለጋ ይሰጣል። እናት ከአፏ ቀንሳ ለልጇ እንደምታጎርሰው ማለት ነው። ስለዚህ ጉዳቱ ቀድሞ የሚታየው ታች ነው። ሌሎቹ አንዴ ከገቡበት ቅጠል ብዙም አይወጡም። ሲያጥሩ የሚራበው አዲሱ ቅጠል ነው። ጉዳቱ ላይ ይታያል።

ታች አሮጌው ቅጠል ላይ ከጀመረ፦

- ናይትሮጅን፦ ቅጠሉ በሙሉ ይገረጣል። በቆሎ ላይ ቢጫው ከጫፍ ጀምሮ በመሀሉ ጅማት ተከትሎ ወደ ውስጥ ይገባል፤ «ቪ» ቅርጽ ይሠራል።
- ፖታሲየም፦ የቅጠሉ ጠርዝ እሳት እንደነካው ይደርቃል። መሀሉ አረንጓዴ ይቆያል።
- ፎስፈረስ፦ ተክሉ ይቀጭጫል፤ ቅጠሉ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይሄዳል። ብርድ ሲሆንም በቆሎ እንዲህ ያደርጋል፣ ሲሞቅ ይተወዋል። አትቸኩሉ።
- ማግኒዥየም፦ ጅማቶቹ አረንጓዴ ሆነው መሀል መሀሉ ቢጫ ይሆናል።

ላይ አዲሱ ቅጠል ላይ ከጀመረ፦

- ብረት፦ እንደ ማግኒዥየም ጅማቱ አረንጓዴ፣ መሀሉ ቢጫ፤ ግን በለጋው ላይ። ሲብስ ቅጠሉ ወደ ነጭ ይጠጋል።
- ዚንክ፦ በቆሎ ላይ ከመሀሉ ጅማት ግራና ቀኝ፣ በተለይ ከቅጠሉ መነሻ በኩል፣ ሰፋ ያለ ነጣ ያለ መስመር። በአንጓዎቹ መካከል ያለው ርቀት ያጥራል። ተክሉ የተቀመጠ ይመስላል።
- ሰልፈር፦ አዲሱ ቅጠል ጅማቱንም ጨምሮ ሁለንተናው ይገረጣል።
- ቦሮን፦ የማደጊያው ጫፍ ይሞታል፤ ቅጠሉ ይወፍርና ይሰባበራል።

የቲማቲም ቂጥ መጥቆር ለብቻው ይቆጠር። ከፍሬው ሥር ጥቁር፣ ጎድጎድ ያለ ደረቅ ጠባሳ። እሱ ፍሬው ካልሲየም ማጣቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን አፈሩ ውስጥ ካልሲየም ጠፍቶ አይደለም። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚደርሰው በውሃ ተጭኖ ነው። አንድ ሳምንት አስጠምታችሁ በሚቀጥለው ብታጥለቀልቁት ጭነቱ ይቋረጣል። መጀመሪያ የውሃ ተራውን አስተካክሉ፣ ሥሩን በገለባ አልብሱ፣ ዩሪያውን ቀንሱ። እንርጭ ካላችሁም ቅጠሉ ላይ ያረፈ ካልሲየም ወደ ፍሬ አይሄድም፤ ጠብታው ትንንሾቹን ፍሬዎች ራሳቸውን መንካት አለበት። የጠቆረው ፍሬ አይድንም። ለቅማችሁ አውጡት።

3. አፈሩን ጠይቁ

ቅጠሉ የሰጣችሁን ጥርጣሬ አፈሩ ያጠናክራል ወይም ያፈርሳል።

ደረቅ አፈር በሳህን ላይ አድርጉና ጥቂት አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ከተንተከተከ ውስጡ ኖራማ ነገር አለ፣ አልካላይነቱም (የኮምጣጣነት ተቃራኒው) ከፍ ያለ ነው። በእንዲህ ያለ አፈር ብረትና ዚንክ ቢኖሩም ተቆልፈው ይቀመጣሉ። ሥምጥ ሸለቆ አካባቢ፣ መቂና ዝዋይ ላይ የሚያመርቱ ወዳጆቼ በብዛት የሚገጥማቸው ይኸው ነው። ብዙ ዋልካ መሬትም ዚንክ ይነፍጋል።

ዝናብ የበዛበት የደጋና የወይና ደጋ ቀይ አፈር ደግሞ በተቃራኒው ኮምጣጣ ይሆናል። እዚያ የሚቆለፈው ፎስፈረስ ነው። ሰብሉ ከዓመት ዓመት እየቀጨጨ ከሄደ በቅጠል ከመርጨት ይልቅ ለሚመጣው ዓመት የእርሻ ኖራ አስቡ። መጠኑን በግምት አታድርጉ። አፈሩን አስመርምሩ፤ የወረዳው ግብርና ባለሙያ ናሙና እንዴት እንደሚወሰድና ወዴት እንደሚላክ ይነግራችኋል።

ደግሞ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት ምን አደረግንበት? ኤን ፒ ኤስ (NPS) የተባለው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌትና 7 በመቶ ሰልፈር ነው። ዚንክ የለውም፣ ፖታሲየምም የለውም። ፎስፈረስ ሲበዛ ደግሞ ተክሉ ዚንክ የሚወስድበትን መንገድ ያጠብበታል። «ማዳበሪያ ሞልቼ አድርጌያለሁ፣ ለምን ገረጣ?» የሚለኝ ሰው መልሱ አንዳንዴ እዚያው ጥያቄው ውስጥ ነው።

4. በትንሽ ቦታ ሞክሩ

ሰው ሁሉ የሚዘለው ደረጃ ነው። እኔም ዘልዬው አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ሚዛን ፍለጋ ሰልችቶኝ ዚንክ ሰልፌት በእፍኝ ዘግኜ በርበሬ ላይ ረጨሁ። በሦስተኛው ቀን ማሳው የፈላ ውሃ የተደፋበት መሰለ።

ከተጎዳው ቦታ ሦስት ትንንሽ መደብ ምረጡ። እያንዳንዱ 20 ያህል ተክል ይኑረው። በእንጨት ለዩአቸው።

- አንደኛው ላይ ውሃ ብቻ ርጩ
- ሁለተኛው ላይ በጣም የጠረጠራችሁትን ማዕድን
- ሦስተኛው ላይ ሁለተኛውን ጥርጣሬ

ውሃ ብቻ ለምን? ዝናብ ሲጥል ወይም ሲሞቅ ሰብል በራሱም ያገግማል። ውሃ የተረጨውም እኩል ከለመለመ ማዕድኑ አልነበረም ማለት ነው።

በ3ኛው ቀን ቃጠሎ መኖሩን እዩ። ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አዲስ የወጣውን ቅጠል እዩ። አሮጌው ጠባሳውን ይዞ ሊቀር ይችላል። እሱን አይታችሁ «አልሠራም» አትበሉ።

ለ1 ሊትር ውሃ የሚበቃው መጠን ይኸውና፦

- ዚንክ ሰልፌት (21 በመቶ ዚንክ)፦ 5 ግራም፣ ከ2.5 ግራም የበረደ ኖራ ጋር
- ብረት ሰልፌት፦ 5 ግራም፣ ከ1 ግራም ሲትሪክ አሲድ ጋር
- ማግኒዥየም ሰልፌት፦ 10 ግራም
- ቦራክስ (የቦሮን ምንጭ)፦ 1 ግራም
- ካልሲየም ናይትሬት፦ 5 ግራም
- ዩሪያ፦ 10 ግራም

ዚንክ ሰልፌት ሁለት ዓይነት ይመጣል። ከረጢቱ ላይ 33 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ካለ ጠንካራው ነው። ከ5 ግራም ይልቅ 3 ግራም ይበቃል። ኬሌት የተባለውን ዓይነት (ማዕድኑ ቶሎ እንዳይቆለፍ በሌላ ንጥረ ነገር የታቀፈበትን) ከገዛችሁ ግን ይህን ዝርዝር ተዉትና የማሸጊያውን መጠን ተከተሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ በቦሮን አትቀልዱ። በሚበቃውና በሚመርዘው መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። ምልክቱን በግልጽ ካላያችሁ አትንኩት።

5. መርጫችሁን ለኩ

10 በ10 ሜትር ቦታ ከልሉ። መርጫው ውስጥ ንጹሕ ውሃ ልክ አድርጋችሁ ሙሉና በተለመደው እርምጃችሁ ያንን ቦታ ርጩ። ከዚያ ስንት ሊትር እንደጎደለ እዩ። 3 ሊትር ከሄደ፣ አንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) 25 እጥፍ ስለሆነ 75 ሊትር ይፈልጋል። አምስት መርጫ ገደማ ነው።

ይህን ያላደረገ ሰው አንዱ ሁለት መርጫ፣ ሌላው ስምንት መርጫ ጨርሶ ሁለቱም «ጥማድ ረጨሁ» ይላል። መጠኑ ትክክል ነው አይደለም ማለት አይቻልም።

6. በጥብጡ

ለ16 ሊትር መርጫ ዚንክ ሰልፌቱ 80 ግራም ነው። ሚዛን ከሌላችሁ እንዲህ አድርጉ። 1 ኪሎ ዚንክ ሰልፌት 10 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ጨምሩና ጀሪካኑ 10 ሊትር እስኪሆን ውሃ ሙሉበት። በደንብ ነቅንቁት። አሁን እያንዳንዱ ሊትር 100 ግራም ይዟል። በጆግ 800 ሚሊ ሊትር ከለካችሁ 80 ግራም አገኛችሁ። ኖራውን ደግሞ ባለሱቁ 400 ግራም ይመዝንላችሁና እናንተ 10 ቦታ ክፈሉት። አንዱ ክፋይ ለአንድ መርጫ ነው።

ጀሪካኑ ላይ በትልቁ ጻፉበት፤ ከልጆችም አርቁት። ውሃ የሚመስል ነገር ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

ሀ. መርጫውን እስከ ግማሹ ውሃ ሙሉ።
ለ. የዚንኩን ውሃ ጨምሩ፣ በጥብጡ።
ሐ. ኖራውን በሌላ ባልዲ በጥብጣችሁ በጨርቅ አጥልሉና ቀስ እያላችሁ አፍስሱ።
መ. ውሃውን እስከ 16 ሊትር ሙሉ፣ እንደገና በጥብጡ።

ኖራው ለምን? ዚንክ ሰልፌት ኮምጣጣ ስለሆነ ብቻውን ቅጠል ያቃጥላል፤ ኖራ ያለዝበዋል። የበረደ ኖራ መሆን አለበት። ያልበረደ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ዓይን ያጠፋል። ማጥለሉን ከዘለላችሁ ደግሞ የመርጫው አፍንጫ በየአሥር እርምጃው ይደፈናል።

ጠብታው በቅጠሉ ላይ እንዲጣበቅ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና መጨረሻ ላይ ጨምሩ። ብዙ ካደረጋችሁ አረፋ እንጂ ሌላ ነገር አትረጩም።

ካልሲየም ናይትሬትን ከሰልፌት ወይም ከፎስፈረስ ማዳበሪያ ጋር በአንድ መርጫ አትደባልቁ። ይረጋል፤ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ታች ይቀመጣል። ከተባይ መድኃኒት ጋር ደባልቄ ጉልበት ልቆጥብ ለምትሉም እኔ አልመክርም። ካላችሁ ግን መጀመሪያ በጠርሙስ ከሁለቱም በልኩ አደባልቃችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ከደፈረሰ፣ ከረጋ ወይም ከሞቀ ተዉት።

7. ርጩ

ጠዋት ጤዛው እንደደረቀ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ወደ ማታ። ቅጠሉ የሚመጠው እርጥብ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ነው። ቀትር ላይ ውሃው ወዲያው ይተንና ጨዉ ቅጠሉ ላይ ይቀራል። ቃጠሎም ይመጣል።

ደመናውን እዩ። ዝናብ ቶሎ ከጣለ ሁሉም ታጥቦ ይወርዳል። የተጠማ ሰብልም ላይ አትርጩ። ውሃ አጠጡትና በማግስቱ ርጩ።

አፍንጫው ጉም የመሰለ ደቃቅ ጠብታ ይስጥ። የቅጠሉን ሆድም አዳርሱ። ቅጠሉ ሲረጥብ ይበቃል፤ መንጠባጠብ ከጀመረ አብዝታችኋል። ነፋስን ከኋላችሁ አድርጉ።

ለበቆሎ የዚንክ ርጭት ጥሩ ጊዜው ገና ጉልበት ሳይደርስ ነው። ከ10 እስከ 15 ቀን ቆይታችሁ ድገሙ። ሁለት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ አልፎ አልፎ ሦስተኛ ያስፈልጋል። ፍሬ መያዝ ከጀመረ በኋላ ብትረጩት ቅጠሉ ያምር ይሆናል፣ ምርቱ ላይ ግን ብዙ አይታይም።

8. ወደ ሥር የሚሄደውን በቅጠል አትተኩ

«ዩሪያ ተወዷል፣ በቅጠል ብረጭስ?» የሚል ጥያቄም ይበዛል። ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

ዚንክ፦ አምስት መርጫ በ80 ግራም 400 ግራም ነው። ከዚያ ውስጥ 21 በመቶው፣ 84 ግራም፣ ንጹሕ ዚንክ ነው። በሄክታር 336 ግራም። በቆሎ በሄክታር የሚፈልገው ዚንክ በመቶዎች ግራም የሚቆጠር ስለሆነ በቅጠል መሙላት ይቻላል።

ናይትሮጅን፦ አምስት መርጫ በ160 ግራም ዩሪያ 800 ግራም። 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ 368 ግራም ገደማ። 10 ኩንታል የበቆሎ ፍሬ ግን ብቻውን 15 ኪሎ አካባቢ ናይትሮጅን ይዞ ከማሳው ይወጣል። አርባ ጊዜ ልትረጩ ነው? ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም በአፈር በኩል ነው የሚገቡት። የዩሪያ ርጭት ለጥቂት ቀን ማስታገሻ እንጂ ምግብ አይሆንም።

9. ለሚመጣው ዘር አፈሩን አስተካክሉ

ሙከራው ዚንክ መሆኑን ካረጋገጠላችሁ በየዓመቱ መርጫ ተሸክሞ መዞር አያስፈልግም። ሲታረስ 21 በመቶ የሆነውን ዚንክ ሰልፌት በሄክታር 25 ኪሎ፣ ማለትም በጥማድ 6 ኪሎ ገደማ፣ በትኖ ከአፈር ማደባለቅ ለሁለትና ለሦስት ወቅት ያገለግላል። ከፎስፈረስ ማዳበሪያ ጋር በአንድ ጉድጓድ አታድርጉት፤ ይተሳሰራሉ። ዚንክና ቦሮን ያለበት የተቀላቀለ ማዳበሪያ በአካባቢያችሁ ከመጣም ስሙ ላይ ዚንክንና ቦሮንን የሚያመለክቱትን ፊደሎች (Zn እና B) እዩ።

ብረት ላይ ግን ይህ አይሠራም። አቼቶ በሚያንተከትከው አፈር ላይ ብረት ሰልፌት ብትበትኑ ያው ወዲያው ይቆለፋል። እዚያ በቅጠል መርጨት፣ ወይም ለአልካላይ አፈር የተሠራውን ኢዲዲኤችኤ የተባለውን የብረት ኬሌት በሥር መስጠት ነው። ውድ ነው። ለቲማቲምና ለፍራፍሬ ካልሆነ ሒሳቡ አይወጣም።

የበሰበሰ ፍግና ኮምፖስት ለሁለቱም አፈር ይስማማል። አመድ ግን ለይታችሁ ነው። ፖታሲየም አለው፣ ለኮምጣጣ ቀይ አፈር መልካም ነው። አቼቶ የሚያንተከትከው አፈር ላይ ብትጨምሩት ችግሩን ታብሳላችሁ። አመድና ዩሪያም አታቀላቅሉ፤ ናይትሮጅኑ በጋዝ መልክ ወደ አየር ይሄዳል። ያ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታ ገንዘባችሁ ነው።

በብዛት የማያቸው ስሕተቶች

*አራት ነገር በአንድ ጊዜ መርጨት።* ቢድን የትኛው እንዳዳነው አታውቁም፤ ቢቃጠል የትኛው እንዳቃጠለው አታውቁም።

*አረም መድኃኒት በረጩበት መርጫ መርጨት።* ከቱ ፎር ዲ በኋላ ያልታጠበ መርጫ ቲማቲም ጨርሶ ያበላሻል። ሁለት መርጫ ቢኖራችሁ ይመረጣል። ከሌለ ደጋግማችሁ በሳሙና እጠቡ፣ ቱቦውንና አፍንጫውን ጭምር።

*መጠኑን ማጠፍ።* ግማሽ አድርጎ ሁለት ጊዜ መርጨት እጥፍ አድርጎ አንዴ ከመርጨት ይሻላል።

*የተረፈውን ማሳደር።* ኖራ የገባበት ዚንክ በማግስቱ ታች ይተኛል። ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ በጥብጡ። ኖራ ያልገባበት የጀሪካኑ ውሃ ግን ክዳኑ ተዘግቶ ሊቆይ ይችላል።

*ከጎረቤት መቅዳት።* የእሱ ማሳ ላይ ብረት ሠርቶ የእናንተ ላይ ላይሠራ ይችላል። ከመካከላችሁ ያለችው ድንበር አንዳንዴ ቀዩንና ጥቁሩን አፈር ትለያለች።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልገባችሁ ፎቶ ላኩ። ግን አራት ፎቶ ይሁን፦ የተክሉ ሙሉ ቁመና፣ የታችኛው አሮጌ ቅጠል፣ የላይኛው ለጋ፣ የታጠበው ሥር። ከሥሩ ደግሞ የአፈሩን ቀለም፣ አቼቶው አንተክትኮ እንደሆነና ዘንድሮ ምን ማዳበሪያ እንዳደረጋችሁ ጻፉልኝ። ፎቶውን በጥላ አንሱት፤ ፀሐይ ላይ ሁሉም ቅጠል ቢጫ ይመስላል።